የዳማው ማዕድ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ከዚያ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝሁት ለመፈረም ብቻ ነው። ሰው ፊት ማውራትም አልችልበትም። ሰው ሲያየኝ ድምፄ ጉሮሮዬ ላይ ይቀራል፤ የምለውን የማገኘው ሰውየው ከሄደ በኋላ ነው። አሁንም የምጽፈው ለዚሁ ነው። ታላቅ ወንድሜ በቀደም አንድ ነገር ተናገረኝ፤ አልመለስሁለትም። መልሱ እስከ ዛሬ ደረቴ ላይ ተቀምጧል። ነገሩ ስለ ፈረሳችን ነው።

ፈረሳችን ስም የለውም። መልኩ ዳማ ስለሆነ ዳማው እንለዋለን። ወንድሜ ከዱርቤቴ ገበያ ገዝቶ አመጣው፤ ባሕር ዳር ውስጥ ጋሪ ይስብበታል። መሀል ከተማውን ባጃጅ ወስዶታል። ለጋሪ የቀረው ከወፍጮ ቤት ዱቄት፣ ከሐይቁ ዳር አሸዋ፣ ቤት ለሚለቅ ሰው አልጋና ቁም ሣጥን ነው። ወንድሜ ይነዳል። የቀረው ሁሉ የእኔ ነው፤ ማጠጣቱ፣ ሥሩን መጥረጉ፣ ጀርባው ሲላጥ ማጠቡ፣ ሣር ማጨዱ።

ሰው ሁሉ ዳማውን መራጭ ይለዋል። ከሐይቁ ዳር ሣር ሳጭድ እምቦጭ ይቀላቀልብኛል፤ አሁን ሐይቁ ዳር እምቦጭ የሌለበት ሣር የለም። የጎረቤት ላሞች ሁሉንም አንድ ላይ ይሰለቅጡታል። ዳማው ግን ከንፈሩን እንደ ጣት እያሠራ እምቦጩን አንድ በአንድ ያወጣና ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። አይጥለውም፣ ያስቀምጠዋል። ይኸን ያየ ሁሉ ይስቃል። «ምነው፣ የንጉሥ ፈረስ ነው እንዴ?» ይላሉ። እኔን ደግሞ «ሴት ያሳደገው ፈረስ እንዲህ ነው» ይሉኛል። ሴት ያሳደገው ማለት ምን ማለት ነው? እነሱን ማን አሳደጋቸው?

ክረምቱ እንደ ወጣ ዳማው ግድግዳ መብላት ጀመረ።

የምንኖረው በአንዲት መነኩሴ ግቢ ውስጥ ተከራይተን ነው። ዳማው የሚያድረው ከእማሆይ እቃ ቤት ጀርባ በተሠራች የቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው። እቃ ቤቱ የጭቃ ነው። ዳማው ከዚያ ሁሉ ግድግዳ አንዲት ቦታ መርጦ መላስ ጀመረ። ሲልስ ሲልስ ምርጊቱ ረገፈ፣ ጭዱ ብቅ አለ፣ በመጨረሻ ማገሩ ታየ። ሥራ ላይም ደከመው። ዳገት ሲሆን ይቆማል፤ ሜዳ ላይ ይደናቀፋል።

እማሆይ አንድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ደረሱበት።

«አንቺ ልጅ፣ ነይ ወዲህ! ፈረስሽ ቤቴን በላው እኮ!»

«ይቅር ይበሉኝ እማሆይ። እመርገዋለሁ» አልሁ።

«ብትመርጊው ተመልሶ ሊበላው! ምሳ ሠራሽለት ማለት ነው» አሉና መቋሚያቸውን ዳማው ላይ ቀሰሩበት። «አንተስ ቢሆን፣ መነኮስሁ እንጂ ቤቴን ላንተ አውርሻለሁ ወይ?»

ዳማው ከንፈሩ ጭቃ በጭቃ እንደሆነ አያቸው። ሳቃቸው ሊያመልጣቸው ሲል ቆጣ አሉ። የማርያም ማኅበር በሚመጣው ወር እሳቸው ቤት ነበር። ካህናቱ ይመጣሉ፣ እንግዳ ይመጣል። «ያን ዕለት ይኸ ፈረስ እዚህ ቆሞ ቤቴን ሲልስ እንዳላይ። ወይ አፉን ያዙ፣ ወይ ውሰዱት» አሉ።

የት እንወስደዋለን? ፈረስ ይዞ የሚያከራይ ግቢ ስንት ለምነን ያገኘነው ነው። ወንድሜ ማታ ይኸን ስነግረው ጫማውን እያወለቀ «ከዚህ ከወጣማ አስፋልቱ ላይ ነው የምለቀው። መጎተቱንስ መች ጎተተልኝ!» አለ።

አስፋልቱ ላይ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ወደ ዱርቤቴ በሚወስደው መንገድ የተጣሉ ፈረሶች አሉ፤ ያረጁ፣ ያነከሱ፣ ጀርባቸው የቆሰለ። ጌቶቻቸው አይሸጧቸውም፣ የሚገዛ የለም፤ አይገድሏቸውም፣ ነውር ነው። ልጓሙን ያወልቁና ይሄዳሉ። ፈረሶቹም መሀል አስፋልት ላይ ይቆማሉ። ሾፌሮች ጥሩምባ እየነፉ «አብደዋል» ይላሉ። አላበዱም። ዳር ላይ ሲቆሙ ዝንብ ቁስላቸውን ይበላቸዋል። መሀል ላይ መኪና ባለፈ ቁጥር ንፋሱ ዝንቡን ይገፋላቸዋል። ለዚያች ንፋስ ብለው ነው። ሰው ይኸን ቆሞ የሚያይበት ጊዜ የለውም፤ እብድ ለማለት ግን ጊዜ አያጣም።

ዳማው እዚያ ሲቆም ታየኝ። በነጋታው «ወንድም ጋሼ፣ እባክህ ለከብት ሐኪም እናሳየው» አልሁት። አሰበና እሺ አለ።

ሐኪሙ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። የዳማውን ድድ ገልጠው አዩ፣ የሚበላውን ጠየቁ። የሚጠይቁት ወንድሜን ነው፤ ወንድሜም ይመልሳል። «ገብስ ይበላል፣ ጥሩ ይበላል» ይላል። ገብስ ከበላ ስንት ጊዜው! እኔ የፈረሱን ራስ ይዤ ቆሜያለሁ። ሐኪሙ ግን የገባቸው መሰለኝ። «የሐይቅ ዳር ሣር ብቻውን ውሃ ነው። ይኸ ፈረስ ማዕድን አጥሮታል፤ ግድግዳ የሚልሰው ለዚህ ነው» አሉና ግራጫ ዱቄት ያለበት ከረጢት አወጡ። ልክ በዚያን ጊዜ የወንድሜ ስልክ ጮኸ። ቤት የሚለቅ ሰው ነበር፤ ወንድሜ ስለ ቁም ሣጥን እያወራ ወደ በሩ ሄደ።

ሐኪሙም ወደ እኔ ዞረው «ይኸ መድኃኒት አይደለም፤ ምግብ ነው። ከፉርሽካ ጋር እያሻሽ፣ በጣም ጥቂት በጥቂት፣ በየቀኑ። ቶሎ አይለምደውም፤ አትቸኩሉ» አሉኝ።

በመንገድ ላይ ለወንድሜ ነገርሁት። «ወንድም ጋሼ፣ ምግብ ነው ብለዋል፤ መድኃኒት አይደለም» አልሁት።

«ሐኪም ቤት የሚሰጥ ነገር መድኃኒት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ሽሮ ነው?» አለኝ።

ደግሜ አልተናገርሁም። መናገሩንማ ተናግሬያለሁ።

ቤት እንደ ደረስን ከረጢቱን ከፍቶ እኩሌታውን በጣሳ በጠበጠው። የብዙ ቀን ምግብ በአንድ ጣሳ። ጭቃ መሰለ፤ የዛገ ሚስማር ይሸታል። ሁለት ጋሪ ነጂ ጓደኞቹን ጠራ። ገመድ በግቢው ዋንዛ ቅርንጫፍ አሳልፈው የዳማውን ራስ ወደ ላይ ሰቀሉት።

«ወንድም ጋሼ፣ ከፉርሽካ ጋር ነው ያሉት» አልሁ።

«ምን አልሽ?»

«ምግብ ነው… ከፉርሽካ ጋር…»

ከጓደኞቹ አንዱ «እህትህ ማንኪያ ታምጣለታ! ናፕኪንም አትርሺ እቴ!» አለ። ተሳሳቁ።

«ኮሶ የሚጠጣ ሰው ይጠየቃል እንዴ? መድኃኒት ሲመር ነው። ያዙልኝ!» አለ ወንድሜ።

በጠርሙስ ጋቱት። ጥርሱን ሲነክስባቸው በአፍንጫው ጋቱት። ዳማው አስነጠሰ፣ ሳለ፣ ግራጫው ነገር በአፍንጫውም በአፉም ተመልሶ ወረደ። ዓይኑ ነጩ ብቻ ቀርቶ እኔን ይፈልጋል። እኔ ደግሞ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ቆሜያለሁ። ወንድሜ እጁን እየታጠበ «በቃ፣ ነገ ታይዋለሽ» አለኝ።

በነጋታው አየሁት። ፉርሽካ አቀረብሁለት፤ አሽትቶት ሸሸ። ዱቄቱን አልነካሁበትም ነበር፤ ፉርሽካ ብቻ ነው። ባልዲውን ሲያይ ይንቀጠቀጣል። እኔ ጠርሙስ ይዤ ውሃ ልቀዳ ሳልፍ ራሱን ቆርቆሮው ላይ እስኪመታ ያፈገፍጋል። ከዚያ ወዲህ ያልሞከርሁት የለም። ዱቄቱን ቆንጥሬ ከሽምብራ ጋር አሸሁት፤ ሽምብራውን አንድ በአንድ ለቅሞ ዱቄቱን ለእኔ ተወልኝ። ሸንኮራ አገዳ ሰንጥቄ በመሀሉ አደረግሁበት፤ ከሩቅ አሽትቶ ፊቱን አዞረ። ጎረቤት ጠላ ስትጠምቅ አተላ ለመንሁና ቀላቀልሁበት፤ አፉን ነክሮ ቀና አለና ላዬ ላይ ረጨው። ግድግዳውን ግን መላሱን አልተወም።

ይኸ ወሬ ጋሪ ማቆሚያው ደረሰ። ሣር ተሸክሜ ባለፍሁ ቁጥር ይቀበሉኛል።

«እቴ፣ ፈረስሽ በላ?»

«ረቡዕና ዓርብማ አይበላም፤ ጾመኛ ነው!»

«ዶሮ ወጥ ሞክሪለት! በእጅሽ አጉርሺው!»

አንዱ ደግሞ የምር እንደሚመክር ሆኖ «ተይው ይራብ። ሲርበው ድንጋይም ይበላል። ያቀማጠልሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። አንገቴን ደፍቼ አለፍሁ። በአፍንጫው ጋቱትና «መራጭ» አሉት፤ እኔን ደግሞ አቀማጠልሽው አሉኝ። እኔን የሚገርመኝ ይኸ ነው። የሰቀሉት እነሱ፣ ጥፋተኛው እሱ፣ ተወቃሿ እኔ። ማታ ማታ ተኝቼ ለእያንዳንዳቸው መልስ አዘጋጃለሁ፤ ጠዋት ሣሩን ተሸክሜ ሳያቸው መልሱ ይጠፋኛል።

በዚህ መሀል ወንድሜ እናታችንን በአዝመራው ሊያግዝ ወደ ቁንዝላ ሄደ። ሲሄድ የዳማው ማሰሪያ ገመድ እየተተረተረ መሆኑን አየና «ስመለስ አዲስ ገመድ ይዤ እመጣለሁ። ያን ጊዜ ካልተሻለው ይዤው እወጣለሁ፤ እንዳታለቅሺብኝ» አለ።

ለማኅበሩ ቤቱ እንዲያምር የተበላውን ግድግዳ መመረግ ነበረብኝ። ቁንዝላ ሳለን ምርጊት የሴት ሥራ ስለነበር አውቅበታለሁ። ቀይ አፈር አመጣሁ፣ ጭድ ነሰነስሁበት፣ በእግሬ አቦካሁት። የተበላውን ቦታ ልመርግ ስጠርገው የቀረው የድሮ ጭቃ ከእጄ ላይ ረገፈ። ዳማው ከታሰረበት አንገቱን አስረዘመና ከመዳፌ ላይ ልቅም አድርጎ ላሰው። አዲሱን ጭቃ ሰጠሁት፤ አሽትቶ ተወው። የድሮውን ሰጠሁት፤ ላሰው።

እማሆይ ከበርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ያያሉ። «አየሽ፣ የቆየውን ያውቃል!» አሉ።

እኔም የድሮውን ጭቃ በምላሴ ጫፍ ቀመስሁት። ጨው ጨው ይላል።

«እማሆይ፣ እዚህ እቃ ቤት ውስጥ ምን ነበር?» አልኋቸው።

«ከእናንተ በፊት ጨው የሚነግድ ሰው ነበረበት። ጆንያውን ሁሉ እዚያች ላይ ያስደግፈው ነበር። ክረምት ሲሆን ጨዉ ያልበዋል፣ ግድግዳዬ ይጠጣዋል። ስንት ተጨቃጭቀናል!»

እጄን ከነጭቃው ይዤ ቆምሁ። ይኸ ፈረስ ታዲያ ምን በድሏል? የሚያስፈልገው ነገር የት እንዳለ ፈልጎ አገኘ፤ አገኘሁ ብሎም ቆሞ አሳየን። እኛ ቤት በላ አልነው።

እማሆይ ቀጠሉ። «ለመሆኑ ሐኪሙ የሰጠው ነገር ምንድን ነው? ያን ዕለት ፈረሱ ሲጮህ የሰማሁት።»

«ማዕድን ነው አሉ» አልሁ።

ጆሯቸው ደከም ይላል፣ የእኔም ድምፅ እንደምታውቁት ነው። «ማዕድ?» አሉ። «ማዕድማ በጠርሙስ አይጋትም! ማዕድ ይቀርባል፤ የራበው ቀርቦ ይቆርሳል። ገመድ አስሮ ማዕድ የሚያበላ የት አገር አያችሁ?»

አላረምኋቸውም። ምን ብዬ አርማቸዋለሁ? ከሐኪሙ ቀጥሎ እውነቱን የተናገሩ እሳቸው ናቸው። ወንድሜ መድኃኒት ነው ብሎ ሰማ፣ እሳቸው ማዕድ ነው ብለው ሰሙ።

ያን ዕለት ለዳማው የራሱን ግድግዳ ልሠራለት አሰብሁ። ለእማሆይ ስነግራቸው ሳቁና የተሰነጠቀ የእንጨት ገበታ ከጓዳ አወጡልኝ። «እንጀራ ከቀረበበት ቆይቷል። በይ ገበታ ቀርቦለታል፤ ጸሎቱን አንቺ አድርሺለት» አሉ።

ጭቃውን ከፉርሽካና ከዱቄቱ ጋር አቡክቼ ገበታው ላይ መረግሁትና ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። ቸኩዬ ኖሮ ዱቄቱን አብዝቼዋለሁ። ዳማው ቀረበ፣ አሸተተ፣ የላይ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየኝና ሄደ። ያን ጊዜ በእሱም ተናደድሁ። «አንተም ትስቅብኛለህ?» አልሁት። ጮክ ብዬ ነው ያልሁት፤ እማሆይ ከቤት ውስጥ «ማንን ነው የምትቆጪው?» እስኪሉ ድረስ። ለፈረስ ሲሆን ድምፅ አለኝ ማለት ነው።

ሁለተኛውን በዝግታ ሠራሁት። ከተበላው ግድግዳ የረገፈውን ጨዋማ ጭቃ ፈጭቼ ከፉርሽካ ጋር ለወስሁት፤ ዱቄቱን ግን ለሽታ እንኳ በማይበቃ ቁንጥር ብቻ። ገበታውን ባልዲ በማይታይበት፣ ጠርሙስ በማይታይበት፣ ከግድግዳው አጠገብ አቆምሁለትና ዞር አልሁ። አልያዝሁትም፣ አልጠራሁትም። ቆይቶ የምላሱን ድምፅ ሰማሁ። ሽር፣ ሽር ይላል፤ ሰው ቤት እንደሚጠርግ ዓይነት። ወደ ኋላ አልዞርሁም፤ ብዞር የሚተወው መሰለኝ።

በየጊዜው ሳድሰው ዱቄቱን ጥቂት እጨምራለሁ። ጭቃው ሆዱን እንዳይጎዳው ፈራሁና ብቻዬን ወደ ሐኪሙ ሄድሁ። በሩ ላይ ብዙ ቆሜ ነው የገባሁት። ሐኪሙ እስክጨርስ ጠበቁኝ። «ልክ ነሽ፣ አፈር ሆድ ውስጥ ይቀመጣል። አፈሩን እየቀነስሽ ፉርሽካውን ጨምሪ፤ ጨው ጣል አድርጊበት፤ ውሃ አይለየው» አሉኝ። እንደዚያው አደረግሁ። የተመረገውን የእማሆይን ግድግዳ ረሳው። አንድ ሁለቴ አሽትቶት ነበር፤ ከዚያ ወደ ገበታው ዞረ።

እማሆይ የማኅበሩ ዕለት ሊደርስ ሲል መጥተው አዲሱን ምርጊት በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ወደ ዳማው ዞሩና «የራስህን ገበታ ብላ፣ ቤቴን ተውልኝ፤ ተስማምተናል» አሉት። ለእኔም «ይቀመጥ» አሉኝ። አንዲት ቃል ናት። እኔ ግን ወደ ቤት ገብቼ አለቀስሁ።

ወንድሜ ከቁንዝላ የተመለሰው በማኅበሩ ዋዜማ ነው። እናታችን የላከችልን በቆሎ በአንድ እጁ፣ አዲስ ገመድ በአንድ እጁ። በጓሮ ዞሮ ዳማው ገበታውን ወደሚልስበት ሄደ። ቆይቶ ተመለሰና ገመዱን ሚስማር ላይ ሰቀለው።

ከማኅበሩ በኋላ ጋሪውን ጠመደና ወጣ። እኔ ሣር ተሸክሜ በጋሪ ማቆሚያው ሳልፍ ጓደኞቹ ከበውታል። ዳማው ራሱን ቀና አድርጎ ቆሟል።

«ምን አድርገህ አበላኸው?» ይለዋል ያ ማንኪያ ታምጣለት ያለው።

«ዘዴ አለው!» ይላል ወንድሜ። «ፈረስ በግድ አይበላም፤ ሐኪሙም ነግሮን ነበር፤ ምግብ እኮ ነው። በገበታ አቀረብንለት!»

አቀረብንለት። ሣሩ ጀርባዬ ላይ ከበደኝ። ቆሜ ልናገር አሰብሁ፤ ሁሉም ዞረው አዩኝ፤ አለፍሁ።

ማታ ራት ቀርቦ ሳለ ወንድሜ ደስ ብሎታል። «እስቲ ንገሪኝ፣ እንዴት አገኘሽው?» አለኝ። ከተወለድሁ ጀምሮ ለወንድሜ ያን ያህል አውርቼለት አላውቅም። ሐኪሙ አንተ ስልክ ላይ ሳለህ ያሉኝን፣ በመንገድ የነገርሁህን፣ ከዋንዛው ሥር የደገምሁልህን፣ በአፍንጫው ስለጋታችሁት ፉርሽካ መፍራቱን፣ የጨው ነጋዴውን፣ የእማሆይን ማዕድ፣ ሁሉንም ነገርሁት። አላቋረጥሁም። ወንድሜ የቆረሰውን እንጀራ በእጁ እንደያዘ፣ የምር ገርሞት፣ ከልቡ አዝኖልኝ አየኝና እንዲህ አለኝ፦

«ታዲያ ይኸን ሁሉ ስታውቂ ያን ዕለት ለምን አልተናገርሽም? አፍ የለሽም እንዴ?»